ሠራተኛዋስ ምን ሆነች?

ነሐሴ 24 አክስቴ ቤት ጽዋ ነበር። ማኅበሩ የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ነው። ሰፈሩ ግን «የተክልዬ ማኅበር» ነው የሚለው። አክስቴ ራሷ ስትደውልልኝ «ተክልዬን እንዳትቀሪብኝ» ነበር ያለችኝ። ቀኑ የሁለቱም ነው። ተክልዬ ታቦቱ ብዙ፣ ንግሡ ከተማ የሚያጨናንቅ ጻድቅ ነው። ክርስቶስ ሠምራ በዚያው ቀን ትታሰባለች፣ ስሟ ግን ሁለተኛ ነው የሚጠራው። ያውም ከተጠራ።

ቤቱ ጢም ብሏል። ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት አልፎታል፣ ማዕዱ ደርቷል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የአክስቴ የነፍስ አባት መጥተው ዳቦውን ባረኩ፣ ጥቂትም አስተማሩ። ትምህርቱ ስለ ተክለ ሃይማኖት ነበር። እግሩ እስኪቆረጥ ቆሞ መጸለዩን፣ ክንፍ መሰጠቱን፣ ደብረ ሊባኖስን። ጥሩ አስተማሩ፣ ምንም አይወጣላቸውም። መጨረሻ ላይ «የእናታችን የክርስቶስ ሠምራም በረከቷ ይደርብን» አሉና ሌላ ማኅበር ይጠብቃቸው ስለነበር ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

እውነተኛው ጨዋታ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪዋ፣ ሰማንያን የተሻገሩ እናት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እስቲ የራሷን የባለቤቷን እንጫወት» ብለው ጀመሩ። ከቡልጋ ተነሡ። ክርስቶስ ሠምራ ባለጸጋ ነበረች፣ ባልና ልጆች ነበሯት፣ አገልጋዮች ነበሯት። አንድ ቀን አንዷ ሠራተኛ አናደደቻት። እሷም በቁጣ ከምድጃ የሚነድ እንጨት መዝዛ በልጅቱ አፍ ከተተችው። ልጅቱ ሞተች። እመቤቲቱ ደነገጠች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ይህችን ነፍስ ብትመልስልኝ ቤቴንም ልጆቼንም ትቼ አንተን አገለግላለሁ ብላ አለቀሰች። ልጅቱ ተነሣች። ሴቶቹ እልል አሉ።

እልልታው ሳይበርድ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። «ሠራተኛዋስ?»

የአክስቴ ቤት ሠራተኛ ናት። ከገጠር ከመጣች ብዙም አልሆናት። ሲኒ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ኖሯል። «ሠራተኛዋስ ምን ሆነች? ከተነሣች በኋላ?» አለች። አንዷ ሳቀች። አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ይልቅ ቶናውን ቶሎ በይ» አለቻት። ሙሴዋ ግን አልሳቁም። ልጅቱን ትክ ብለው አዩዋትና «እሱን አልነገሩንም፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን አልቀጠልኩም። ጆሮዬ ይሰማል፣ ሐሳቤ በሩ ላይ ቀረ።

ነጠላ የለበሰው ገድል

አክስቴ ገድለ ክርስቶስ ሠምራ አላት። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት ነው። በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ከሥዕሉ ጎን ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ትሳለመዋለች። የልጅ ልጇ ትኩሳት ሲይዘው ራስጌው ታደርገዋለች። አንብባው ግን አታውቅም። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፣ የብዙ ቤት ገድል እንዲሁ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና እንድታውሰኝ ለመንኳት። ሦስቴ «በንጽሕና ያዢው» ብላ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የገረመኝ ብዙ ቦታ ላይ ራሷ መናገሯ ነው። «እኔ» ትላለች። አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ አለኝ፣ አልኩት። ስለ ቅዱሳን ስንሰማ ያደግነው «እሱ እንዲህ አደረገ፣ እሷ እንዲህ ሆነች» በሚል ነው። እዚህ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገር ሴት ከፊቴ ተቀምጣ የምታወራኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው። ቤቷን ጥላ ደብረ ሊባኖስ ገብታ መነኮሰች፣ ከዚያም ጣና ዳር ጓንጉት ወረደች። ጉድጓድ ውስጥ ቆማ፣ ባሕር ውስጥ ቆማ ጸለየች። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሥዕሏም ይህንኑ ያሳያል። የሥዕሉ አድናቂዎች ግን እዚያ ቆማ ምን እንደጠየቀች ብዙም አንነጋገርም። የጠየቀችው ፈጣሪ ከሰይጣን ጋር እንዲታረቅ ነው።

ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ሰይጣንን ወዳው አይደለም፣ ይህን ራሷ ታስረዳለች። የምታስበው ለአዳም ልጆች ነው። ሰው የሚጠፋው በጠላቱ አሳሳችነት ከሆነ፣ ጠላትየው ቢታረቅስ? ሰው ሁሉ ይተርፋል ማለት ነው። እኔ ይህንን የዋህ ልብ ያላት እናት ያለቀሰችው ለቅሶ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሙግት ነው። መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፍልስፍና ትምህርት ስወስድ የክፋት ምንጭ ምንድን ነው በሚል ርዕስ ስንት የውጭ ሊቃውንት ስም አጥንቻለሁ። የቡልጋዋን ሴት ስም የጠራልኝ አልነበረም።

አካሄዷ ደግሞ የአገራችን ሽማግሌ አካሄድ ነው። መጀመሪያ የተበደለው ዘንድ ትሄዳለች፣ ፈቃድ ታገኛለች። ከዚያ ቅዱስ ሚካኤል እየመራት ወደ በዳዩ ደጅ፣ ወደ ሲኦል ትወርዳለች። ትጣራለች፣ ይወጣል፣ እርቁን ትነግረዋለች። እሱ እርቅ አይፈልግም። እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታታል። ሚካኤል ደርሶ ያወጣታል፣ ስትወጣም እልፍ ነፍሳት ይዛ ትወጣለች። እርቁ አልሆነም፣ ግን ያልሆነው በአንድ ወገን እምቢታ ነው። ፈጣሪ እምቢ አላለም። እንዲህ ያለ ነገር በገድል ውስጥ በሴት አንደበት ተቀምጦ፣ እኛ በየዓመቱ ቀኑን «ተክልዬ» ብለን በዳቦና በጠላ እንሸኘዋለን።

እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ቤት ልጅ ጥያቄ የተመለሰብኝ። ገድሉን ካነበብኩ በኋላ የሰይጣኑ እርቅና የሠራተኛዋ ሞት ሁለት የተለያየ ታሪክ መሆናቸው ቀረብኝ። በሰው አፍ እሳት የከተተች ሴት፣ ነፍስ ያጠፋች ሴት፣ ምሕረት አግኝታለች። ምሕረት እስከ የት ድረስ ይሄዳል ብሎ ለመጠየቅ ከእሷ የተሻለ ማን አለ? እኔ ምሕረት ካገኘሁ ለእሱስ ለምን አይሆንም ለማለት የደፈረችው፣ መጀመሪያ የራሷን እጅ አይታ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ሊቃውንቱ ይፍረዱኝ።

ታዲያ ሠራተኛዋስ? ስሟን ፈልጌ አላገኘሁትም። በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ሞታ የተነሣችው እሷ ናት። እመቤቷ ሲኦል ደጅ ከመቆሟ በፊት የሞትን ደጅ አይታ የተመለሰችው እሷ ናት። ምን አየሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ይቅር ብለሻታል ወይ ብሎ የጠየቃትም የለም። እመቤቲቱ ከፈጣሪ ጋር ተጨራረሰች፣ ልጅቱ ደግሞ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች መሰለኝ። ሴቶች በመንፈሳዊ ታሪክ ተዘነጉ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው እመቤቶቹን ነው። የመነኮሱትን፣ ንግሥቶቹን፣ ባለ ገድሎቹን። ከእነሱም በታች የተዘነጋች አለች፣ ትዝ ያለቻትም ትሪ የያዘች ልጅ ነበረች።

ጣና ላይ

ከዚህ ሁሉ በፊት ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ጀልባ ተሳፍረን ክብራን ገብርኤል ደርሰን ነበር። ወንዶቹ ወረዱ። ጀልባ ነጂው «እህቶቼ፣ የእናንተ እዚሁ ወደቡ ላይ ነው» አለን። ትሑት ሰው ነው፣ ይቅርታ እንደመጠየቅም አድርጎታል። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ መሆኑን ነገረን። እዚያ የእነ ዘርዐ ያዕቆብና የእነ ፋሲል አስከሬን አለ። ወንዶቹ እስኪመለሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፔሊካን ስንቆጥር ቆየን።

በደንቡ አልተናደድኩም። የወንድ ገዳም ነው፣ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። እዚያው አጠገብ እንጦስ ላይ ለሴቶችም የተፈቀደ ገዳም አለ። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቱም ወንዱም ይገባል። የከነከነኝ ሌላ ነው። አስጎብኚያችን ስለዚያ ሐይቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራልን። ነገሥታት፣ አቡኖች፣ ብራናዎች፣ ዘውዶች። ጓንጉትን አልጠራም። ቋራጣንም አልጠራም። ቋራጣ ማለት የወለተ ጴጥሮስ ቦታ ነው።

ወለተ ጴጥሮስን ስሟን እናውቀዋለን፣ ለልጆቻችንም እናወጣዋለን። ሥራዋ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1592 ተወለደች፣ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ናት። የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የነበረውን መልክዐ ክርስቶስን አገባች። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው አለቁባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፣ ባሏም በዚያ ወገን ነበር። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ጥላ ወጣች፣ መነኮሰች፣ የንጉሡን ሃይማኖት በአደባባይ ተቃወመች። ንጉሡ ፊት አቆሟት። የካቶሊክ መምህራን ሊያሳምኗት ደከሙ። አልሆነም። በስተ ምዕራብ ጠረፍ ወደ ዠበይ አጋዟት። እዚያም ሰው ተሰበሰበባት። በሕይወቷ ሰባት ማኅበረ መነኮሳት አቋቋመች፣ ወንድም ሴትም የሚኖርባቸው። ሕመም ሲገባ ማኅበሩን ታዛውራለች፣ ሥራ ታከፋፍላለች፣ ትቀጣለች። የወይዘሮ ልጅ ሆና ወፍጮ ፈጭታለች፣ ውኃ ቀድታለች። ከጎኗ ያልተለየችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ስታርፍም ማኅበሩ አልፈረሰም።

አሁን አንድ ተማሪ ስለዚያ ዘመን ጠይቁ። ሱስንዮስ ይላችኋል። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ይላችኋል። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ይላችኋል። እኔም ፈተና ላይ ይህንኑ ጽፌ ነው ያለፍኩት። ሃይማኖቱ በ1632 ሲመለስ የተመለሰው በአዋጅ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት በየገዳሙና በየስደቱ የያዙት ሰዎች ነበሩ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። አዋጁ የንጉሥ ነው፣ በታሪክ መጽሐፍ ላይ የሚቀረውም አዋጅ ነው።

ጸሐፊው

የወለተ ጴጥሮስን ገድል የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው። የጻፈው በ1672፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ። ታሪኩን የነገሩት አብረዋት የኖሩት ናቸው። ሴት መነኮሳቱ ባይናገሩ ኖሮ ብዕሩ ምን ይጽፍ ነበር? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ሆኗል። እሷ አወቀች፣ እነሱ አስታወሱ፣ በእሱ እጅ አለቀ። ገላውዴዎስን አልወቅስም፣ እንዲያውም አመሰግነዋለሁ። እሱ ባይጽፍ ዛሬ የምሟገትበት አይኖረኝም ነበር። ግን ሁሉም ሴት ገላውዴዎስ አላገኘችም።

ቅርብ ዘመን ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ጎጃም፣ ጽላሎ። በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅቱ ከጉባኤው ጎን ሆና እየሰማች ቅኔን ጨረሰች። በኋላ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ እግራቸው ሥር የተቀመጡትም ወንዶች ናቸው። ይህ በየትኛውም አገር ቢሆን ሐውልት ያስቆማል። ቅኔ ደግሞ ሰምና ወርቅ ማገጣጠም ብቻ አይደለም። ቅዳሴ መካከል ቆሞ፣ ያንን የመሰለ ምሥጢር ከመጽሐፍ ሳያዩ አዲስ አድርጎ ማቅረብ ነው። የእማሆይ ተማሪዎች ይህንን ወስደው ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆሙ። እሳቸው መቆም በማይችሉበት ቦታ ማለት ነው።

ይህ የኦርቶዶክሱ ቤት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወሎ ያደገ ሰው የዱበርቲዎቹን ዱዓ ያውቃል። እናቶች ተሰብስበው፣ ቡና ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ለታመመው ለተቸገረው ሁሉ የሚለምኑት ነው። አርሲ ፈረቀሳ ደግሞ የሙስሊሟ ቅድስት የሲቲ ሞሚና ስም እስከ ዛሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይስባል። ራቅ ብለን ስንሄድ የ8ኛው ክፍለ ዘመን የባስራዋ ሙስሊም መናኝ ራቢዓ አለች። በአንድ እጇ እሳት በሌላው ውኃ ይዛ ትሮጣለች ይባላል። ገነትን ላቃጥል፣ ገሃነምን ላጠፋ፣ ሰው ፈጣሪን ለራሱ ሲል ብቻ እንዲወድ ብላ። ይህን ታሪክ ስሰማ ያች የጓንጉት መነኩሲት ናት የመጣችብኝ። አንዷ ገሃነምን በውኃ፣ አንዷ ሲኦልን በእርቅ ባዶ ልታስቀር። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ መካከላቸው ባሕርና ብዙ መቶ ዓመታት አሉ።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሰባኪ ወዳጄ አወራሁት። አብረን ያደግን ነን፣ እንደፈለግን እንባባላለን። መጀመሪያ «ቅዱሳን ጾታ የላቸውም» አለኝ። እሺ፣ ታዲያ ወደብ ላይ የተቀመጥኩት ለምንድን ነው አልኩት። ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ግን ትክክል ነው። «የወንዶቹንስ ገድል ማን አነበበ? ተክለ ሃይማኖትንም እኮ ሥዕሉን ነው የምታውቁት።» እውነቱን ነው። ትንሽ አሰብኩና እንዲህ አልኩት። ልዩነቱ ተክልዬን ባናነብም ይነገረናል። በየዓመቱ፣ በየደብሩ፣ በድምፅ ማጉያ። ክርስቶስ ሠምራን ካላነበብን የሚነግሩን ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ናቸው፣ እሳቸውም ሰማንያ አልፏቸዋል።

«ታዲያ ለምን አንተ አታስተምርም?» አልኩት። «ዘንድሮ ነሐሴ 24 ተራው ያንተ ነው አይደል?»

ዝም አለ። መቆሟን አስተምራለሁ አለ። ጸሎቷን፣ ጾሟን፣ ትዕግሥቷን። «ጥያቄዋንስ?» አልኩት።

«እሱን ዐውደ ምሕረት ላይ?» አለ። «ከሰይጣን ጋር ስለ መታረቅ ባወራ በማግስቱ ደብዳቤ ይደርሰኛል። አንደኛው ሰባኪ ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ ይለቀኛል፣ ሌላው መናፍቅ ይለኛል።»

«ገድሏ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ይጻፍ» አለ። «ገድሉን እሳለማለሁ።»